ቀዩ ደለል

ይማም በሱቁ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ቀኝ እጁ የተላጠ ሽቦ ጨብጧል፤ አጠገቡ ኮምፒውተሩ በጎኑ ተጋድሟል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ደርቋል።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የሰርግና የመንዙማ ቪዲዮ የሚያቀናብረው እሱ ነበር። ሬሳውን ያገኘው ሸሪኩ ዑበይዳ ነው፤ ጠዋት በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ሲገባ። ሰፈርተኛው «ኤሌክትሪክ ገደለው» አለ። የሱቁን የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋው የሟች ሚስት ወንድም ዒምራን ስለነበር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ታሰረ።

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሽቦ የጨበጠውን እጅ ገልጣ አየች፤ መዳፉ የተቃጠለ ምልክት የለውም። ከጭንቅላቱ ኋላ ግን ፀጉሩ በደም ተጣብቋል።

ሚስቱ ሳዲያ ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት።

«ሥራ ሲበዛ እዚሁ ያድራል፤ ለዚህ ነው ማታ ወጥቼ ያልፈለግሁት። እባክዎ፣ ከአሱር ሶላት በፊት እንቅበረው። ወንድሜንም ይፍቱልኝ፤ መቃብር ወርዶ የሚቀበለው ከእሱ ሌላ ወንድ ዘመድ የለውም።»

«አብሽሪ። ትናንት የከፋው ነገር ነበር?»

«አባቱ ያዜሙት መንዙማ እዚያ ማሽን ውስጥ ነበር። ሸኹ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሌላ ቅጂ የለም። ውሃ ፈሶ አጠፋው ብሎ እየደወለ አለቀሰ።»

«የምን ውሃ?»

ዑበይዳ ጣልቃ ገባ። «ማሽኑ እንዳይግል ውሃ በቱቦ ይዞርበታል። እኔ ቀይ ቀለም ጨመርኩበት። በመስታወቱ ሲያበራ ደንበኛ ከመንገድ ይጠራል።»

«የምን ቀለም?»

«ከገበያ የገዛሁት፣ የመሶብ ስፌት ሣር የሚነከርበት ቀለም።»

«ወይ ጉድ! ኮምፒውተሩን አክርማ አደረግኸው?»

«ይማምም እንደዚሁ ሳቀብኝ። ንጹህ ውሃ ይበቃል ባይ ነበር። ቀለሙ ቱቦውን ደፍኖት ውሃው ሲፈስ ግን መሳቁን ተወ።»

«በጎኑ ያስተኛውስ?»

«እሱ ራሱ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ አጥፍቶ፣ አስተኝቶ ሊፈታታው ነበር። ወላሂ፣ ልክ እንዲህ ተኝቶ ነው የተውኩት። ዛሬም ምንም አልነካሁም።»

የትምወርቅ በባትሪ በማሽኑ ውስጥ ያለውን የውሃ መያዣ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ አየች።

በሰባት ሰዓት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ዒምራን በካቴና መጣ።

«ትናንት ምሳ አብረን በልተን፣ ዛሬ ስሜን ለፖሊስ የሰጠኸው አንተ ነህ?» አለው ዑበይዳን።

«ይማም ትናንት ሳይመሽ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ መሞቱን ሐኪሙ ጽፏል» አለች የትምወርቅ። «ኤሌክትሪክ አልነካውም። አሁን ይህን እዩ። አክርማ ስነክር ነው ያደግሁት። ይህ ቀለም ካልተማሰለ ከሥር ይረጋል፤ ካደረ እንደ ጭቃ ይጣበቃል። ማሽኑ ሲሠራ ውሃው ስለሚዞር አይረጋም። ሲጠፋ ግን ወደ መሬት በዞረው በኩል ይተኛል።»

ከአንድ ፖሊስ ጋር ኮምፒውተሩን ቀስ አድርገው አቆሙት። ቀዩ ደለል ከጠርሙሱ ሥር፣ ከወለሉ ጋር ተስተካክሎ ተጋግሯል። መሬት ነክቶ የነበረው ጎን ንጹህ ነው።

«ተኝቶ ያደረ ቢሆን ደለሉ ጎኑ ላይ ነበር የሚረጋው። ሌሊቱን ቆሞ አድሯል ማለት ነው። ያስተኛው ሰው፣ ይማም ሲፈታታው ኤሌክትሪክ የያዘው እንዲመስል፣ ያስተኛው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ይማም ደግሞ ያኔ ሞቷል። ጠዋት በቁልፍ የገባው አንድ ሰው ነው። ትናንት ተኝቶ ተውኩት ያለኝም እሱው ነው።»

ዑበይዳ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«‹የአባቴን ድምፅ መልስልኝ› ብሎ ኮሌታዬን ያዘኝ። ገፋሁት... የጠረጴዛው ብረት አገኘው። ደንግጬ ቆልፌ ሄድኩ። ልገድለው አልነበረም።»

«የትናንቱ እንዳልከው ይሆናል» አለች የትምወርቅ። «ዛሬ ጠዋት ግን ማንም ኮሌታህን አልያዘም። ሽቦውን በእጁ ስታስጨብጠው ማን እንደሚታሰር ታውቅ ነበር።»

ሳዲያ አላለቀሰችም። «ገንዘነዋል» አለች ብቻ፣ ካቴናው ሲፈታ ወንድሟን እያየች። «ቶሎ በል።»

ከአሱር በፊት ዒምራን መቃብሩ ውስጥ ወረደ። የካቴናው ምልክት ከእጅ አንጓው ገና አልጠፋም። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይማምን ተቀበለው።