ኦሪጅናል እንዳይሆን

መኪናዋ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ሳል ጀመራት። ቀጥሎ ተንገጫገጨች። ከዚያ ጸጥ።

«አይ!» አለ አክሊል መሪውን በመዳፉ እየመታ። «አይ፣ አይ፣ አይ! ዛሬ እኮ ነው አዲስ ፓምፕ የታሰረላት!»

ሄርሜላ ከጎኑ ተቀምጣለች። ወንድሟ መሪ በሚመታበት ሰዓት የሚሰጥ አስተያየት፣ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም፣ ሰሚ እንደሌለው ታውቃለች። ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ እንጦጦ ሲወጡ ደረሱባቸው። ቆም ብለው መኪናዋን አዩ። እንደ ማሰሮ አፍ የሰፋውን የጭስ ማውጫዋንም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ምነው ልጆቼ፣ ዳገቱ ከበዳት እንዴ?»

«ትንሽ አስቸግራን ነው፣ አባባ» አለች ሄርሜላ።

«አይዟችሁ» ብለው ቀደሟቸው። ኩርባውን ጨርሰውም ከዓይን ተሰወሩ።

አክሊል ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «በከዘራ ተቀደምን» አለ።

መኪናዋ በዕድሜ ሄርሜላን የምትበልጥ ነጭ ኮሮላ ናት። አክሊል የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ ቀን የሰው መኪና ሲነዳ ይውላል፣ ማታና ቅዳሜን ደግሞ ለራሱ መኪና ይሰጣል። ከብዙ ልፋት በኋላ ቱርቦ ገጠመላት። ቱርቦ ማለት ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ሜዳ ላይ እንደ ጥይት ናት። ችግሩ ጉለሌ ሜዳ የለውም፤ ሽሮ ሜዳ እንኳ ሜዳነቱ በስሙ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ግን ዳገት ባየች ቁጥር ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ካንዴላ ቀየሩላት። ማጣሪያ ቀየሩላት። የአክሊል ጓደኛ ዓምሃ መጥቶ ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ነቅሎ መልሶ ሰካው። እናታቸው ጠበል ረጩባት፤ መስታወቱ ጸዳ። በመጨረሻ ሄርሜላ የኋላውን ወንበር አንስታ ጆሮዋን ደገነች። ቤንዚኑን ከታንከሩ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ሲንተፋተፍ ሰማች።

«ፓምፑ ነው» አለች።

ፓምፑ ነበር። አክሊል እዚያው ቆሞ ቃል ገባላት፦ «የእሁዱ መካኒኬ አንቺ ነሽ!»

እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገድ ተዘግቶ የሚደረግ የዳገት ውድድር አለ። ከአንድ መኪና ጋር አጥሩን አልፎ የሚገባው አንድ መካኒክ ብቻ ነው። ዓምሃ ቦታው የራሱ መስሎት ነበርና ሲሰማ ሳቀ። «የዘጠነኛ ክፍል ልጅ? መጀመሪያ የቤት ሥራዋን ትፈትሽ!» ሄርሜላ ይህን ሳቅ እስከ እሁድ ድረስ ልታቆይለት ወስናለች።

አሁን ግን ዛሬ አርብ ነው፣ መኪናዋም ቆማለች።

«አታለውናል» አለ አክሊል ቀና ብሎ። «ጋሽ ሳቢት የውሸት ፓምፕ ነው የሸጡልን። ነገ ጠዋት ሱቃቸው ሄጄ ሰው ፊት ነው የምነግራቸው!»

ሄርሜላ «ካርቶኑን በዓይኔ አይቻለሁ» ልትል ነበር፤ መሪውን አይታ ተወችው። ትንሽ ሲያሳርፏት መኪናዋ ተነሳች። አዙረው ወረዱ። ቁልቁለቱ ላይ ምንም አላላትም።

ፓምፑን ሄርሜላ የገዛችው የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ነበር። ኑሕ የክፍሏ ልጅ ነው፤ አባቱ ጋሽ ሳቢት ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። መርካቶ ዕቃ ሊጭኑ ስለሄዱ፣ ከስንት ልመና በኋላ ሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ትተውለት ነበር። ኑሕ የአባቱን ጋዋን ለብሶ፣ እጅጌውን አጥፎ ከባንኮኒው ኋላ ሲንጎማለል የሄርሜላ ስልክ ጮኸ። አክሊል ነበር። ድምፁ ስለሚቆራረጥ ስልኩን በመሃላቸው አስቀመጠችው።

«ሄርሚ፣ ስሚኝ... ትልቁን ነው... ኦሪጅናል እንዳይሆን! ሰማሽ? ኦሪጅናል...» ተቋረጠ።

ተያዩ።

«ኦሪጅናል እንዳይሆን አለ» አለ ኑሕ።

«ኮፒ እንዳይሆን ሊል ፈልጎ ነው።»

«ያለው ግን ኦሪጅናል እንዳይሆን ነው።»

«ኑሕ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግከው። ኦሪጅናል አትስጡኝ ያለ ደንበኛ አይተህ ታውቃለህ?»

ኑሕ አሰበ። በአባቱ ሱቅ ውስጥ ኦሪጅናል አለ። «ከኦሪጅናል አይተናነስም» የሚባል አለ። «የዱባይ ኦሪጅናል» የሚባልም አለ። ኦሪጅናሉ ይቅርብኝ ያለ ሰው ግን ትዝ አላለውም።

«ለማንኛውም ደግመሽ ደውይለት።»

«ሥራ ላይ ነው፣ ይጮህብኛል። አፉን አዳልጦት ነው ባክህ! በቃ አውርደው።»

ኑሕ መሰላል ላይ ወጥቶ ኦሪጅናሉን አወረደ። ሄርሜላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷ አሰረችው። አክሊል ከሥራ ሲገባ ወንበሩ ሳይቀር ቦታው ተመልሶ ጠበቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ፓምፑን መልሳ የፈታችውም እሷ ናት። አክሊል ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት በፌስታል ጠቅልሎ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ወደ ሱቁ ገሰገሰ። ሄርሜላ ከኋላው ትሮጣለች።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ሳቢት» አለ። ሰላምታው ራሱ ጠብ ይመስላል። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ፓምፕ ነዋ» አሉ ጋሽ ሳቢት።

«የውሸት ነው!»

«ወላሂ ኦሪጅናል ነው!» መነጽራቸውን አድርገው ፓምፑን አገላበጡት። «እየው፣ ልጄ። ምልክቱን እየው። ቁጥሩን እየው።»

አክሊል አየ። ደግሞ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት መሄጃ አጥቶ ቆመ።

«ኦሪጅናል ነው እንዴ?»

«ኦሪጅናል ነው!»

«ታዲያ ለምን ኦሪጅናል ሸጡልኝ?» ብሎ ጮኸ።

የፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ አንድ የታክሲ ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ሳቢት፣ እኔንም እንዲህ ያጭበርብሩኝ» አለ።

አክሊል አልሳቀም። «የኮሮላ ኦሪጅናል የተሠራው ለኮሮላ ነው! የእኔን ሞተር ቱርቦው አየር ያጎርሰዋል። አየር ሲጎርስ ቤንዚንም የዚያኑ ያህል ይፈልጋል። ይሄ ሚስኪን ከየት አምጥቶ ይሰጠዋል? ዳገት ላይ ይደርቅበታል። ትንሽ ብገፋው ኖሮ ፒስተኑን ይበላብኝ ነበር! ለዚህ እኮ ነው ትልቁ ይሁን፣ ኦሪጅናል እንዳይሆን ያልኩት!»

የሄርሜላ ጆሮ ጋለ። አፉን አላዳለጠውም ነበር።

ጋሽ ሳቢት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ማነው ታዲያ ኦሪጅናል ይሁን ያለው?»

ሄርሜላ አፏን ከፈተች። ድምፅ ግን የመጣው ከመደርደሪያው ኋላ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ኑሕ መጥረጊያ እንደያዘ። «እሷ ትልቁን ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ... ማለቴ... ኦሪጅናል ይሻላል ብዬ...»

«አንተ ልጅ!» አሉ አባቱ። «ደንበኛ ያዘዘውን ነው የምትሰጠው ወይስ አንተን ያማረህን? አምኜ ሱቅ ብተውልህ? ያንን ጋዋን አውልቅ! ከዛሬ በኋላ ከባንኮኒው ወዲህ እንዳላይህ!»

ኑሕ ጋዋኑን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈው። አክሊል እጁን የእህቱ ትከሻ ላይ ጣለ። «ሄርሚማ እንዲህ አትሳሳትም» አለ ለሹፌሩ ጭምር። ትከሻዋ ላይ ጆንያ የወደቀባት መሰላት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ጋሽ ሳቢት መርካቶ ደውለው ትልቁ ፓምፕ በታክሲ እንዲላክ አደረጉ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ሲወጡ ሄርሜላ ወደ ኋላ ቀርታ ኑሕን በሩ ላይ ያዘችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አባዬ ድሮም ይቆጣኛል፣ ለምጄዋለሁ» አለ ኑሕ። የለመደ ሰው ፊት ግን አልነበረውም። «አንቺ ነገ እዚያ አጥር ውስጥ ካልገባሽ ሰኞ ክፍል ውስጥ ማን ይችልሻል? በቃ ሂጂ፣ ልጥረግበት።»

ትልቁ ፓምፕ ከምሳ በኋላ ደረሰ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም የለም። ሄርሜላ ባትሪውን ነቀለች፣ በሮቹን በሙሉ ከፈተች፣ ወንበሩ በተነሳበት ቦታ በደረቷ ተኛች። ትናንት በዚሁ ሥራ ላይ ታፏጭ ነበር። ዛሬ ብሎኑ አልያዝ አላት። ቤንዚን እንዳያፈስ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ከቦታው ያፈተልካል፤ ታስተካክለዋለች፤ ያፈተልካል። ጣቷ ተላጠ፣ ቤንዚኑ አቃጠላት።

«ቀስ» አለ አክሊል ውጭ ቆሞ። አሁን ደስ ብሎታል። «ያ ኑሕ ግን ነገ አብሮን እንዳይመጣ። የተነገረውን የማይሰማ ሰው መኪናዬ አጠገብ አልፈልግም።»

ቀለበቱ እንደገና አፈተለከ። ሄርሜላ ካቻቢቴዋን አስቀመጠች።

«ሰምቷል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ኑሕ ሰምቷል። ደውይለት ብሎኝም ነበር። ኦሪጅናሉን አውርድ ያልኩት እኔ ነኝ።» ቀና ብላ ተቀመጠች። «ስልኩ ላይ ያልከውን በደንብ ሰምቼሃለሁ። የተሳሳትክ መስሎኝ አረምኩህ።»

«አረምሽኝ?»

«አዎ።»

«ሱቅ ውስጥ ያ ሁሉ ሲሆን አጠገቤ ነበርሽ እኮ» አለ አክሊል።

ሄርሜላ የተላጠ ጣቷን በጨርቅ ጠረገች።

«ነገ ዓምሃን ነው የምወስደው።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«እሺ» አለች። «ይሄን ልጨርሰው።»

ተመልሳ ተኛች። ቀለበቱን በጣቷ ይዛ አስቀመጠችው፤ ያዘ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ባትሪውን መልሳ ካሰረች በኋላ አክሊል ቁልፉን ሲያዞር ፓምፑ አጉረመረመ፤ ትልቅ ድምፅ ነው፣ በራሱ የሚተማመን ድምፅ። ማገናኛዎቹን በእጇ ዳሰሰች። ደረቅ ናቸው። ክዳኑን ገጥማ ወንበሩን መለሰች።

አክሊል ብቻውን ወደ እንጦጦ ነዳ።

ሄርሜላ እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ የቤንዚኑ ሽታ አልለቀቀም። እንዲሁ በቁልቁለቱ ወደ ዋናው መንገድ መውረድ ጀመረች። ከላይ ከባህር ዛፎቹ መሃል የሞተሩ ድምፅ ይመጣል። አንደኛው ኩርባ። ሁለተኛው። ቆመች። ድምፁ አልታነቀም፣ አልተቆራረጠም፤ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄዶ ጫካው ዋጠው። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

ኑሕ ሱቁ በራፍ ላይ ተንበርክኮ አቧራ የያዙ ጣሳዎች ይወለውላል። አይቷት ለምን እንደመጣች ገባው። «ሄርሚ፣ ተይ» አለ በሹክሹክታ። በጎኑ አልፋ ገባች።

«ጋሽ ሳቢት» አለች። «ኦሪጅናሉን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሳቢት መነጽራቸውን አወለቁ።