ዕፀገነትና ቢጫው ማርከር

ዕፀገነት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላችኋል አይደል? ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ዕፀገነት ዓይን አፋር ናት፤ ይህን ታሪኳን ለብዙ ሰው ተናግራ አታውቅም። እናንተ ግን እንድትሰሙት ፈቅዳለች።

ዕፀገነት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነርሲንግ ትማራለች። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገና እንደተቀመጠች የትምህርት ወረቀቷን፣ ሃንዳውቷን፣ ትዘረጋለች። ቢጫ ማርከር ይዛ መስመር በመስመር ትቀባለች። ላምበረት እስኪደርሱ ገጹ በሙሉ የመስከረም ሜዳ ይመስላል።

«በርቺ ልጄ» ይሏታል ሁልጊዜ አጠገቧ የሚቀመጡ አንዲት እናት።

ደስ ይላታል። እውነቱን እንናገር፣ ከማንበቡ ይልቅ ስታነብ መታየቱ ይጥማት ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ማዕዛ «ነይ እስኪ፣ ሃንዳውቱን ዘግተን እንጠያየቅ» አለቻት።

«ቆይ፣ አንዴ ልድገመው።»

«አሁንም? ወረቀቱ እኮ ሊቀደድ ነው።»

ዕፀገነት ሳቀች እንጂ አልሄደችም። ብትጠየቅ እንደማትመልስ ልቧ ያውቃል። ያነበበችው አይያዝላትም። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትደብቅ ኖራለች።

ፈተናው ደረሰ። «ደም ከሳንባ ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?» ይላል ጥያቄው። ዕፀገነት መልሱ ገጹ ላይ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ከሥዕሉ በታች፣ በስተቀኝ፣ ቢጫ የተቀባው ጋ። ምን እንደሚል ግን ጠፋባት። ወደቀች። የመጨረሻውን ፈተና ካላለፈች ከትምህርቱ እንደምትሰናበት ተነገራት።

ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ የሺአረግ «ፈተናው እንዴት ሆነ?» አሏት።

«ጥሩ ነው፣ እማዬ።»

እናትም አምነው ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሩ። ውሸት እንዲህ ናት ልጆች፤ ከአንድ አፍ ወጥታ ፎቁን ሁሉ ትዞራለች።

ዕፀገነት እሑድ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት መዝሙር ታስጠናለች። በዚያ ሳምንት ትንሹ ቢሩክ የመዝሙሩን ወረቀት በነጠላው ሥር ደብቆ፣ ሰረቅ አድርጎ እያየ ሲዘምር አገኘችው።

«ቢሩኬ፣ ወረቀቱን እጠፈው።»

«እያየሁ ነው የምችለው።»

«እያየህ የምትለው የወረቀቱ ነው። ሳታይ የምትለው ነው ያንተ።»

ይህን እንደተናገረች ቢጫ የተቀባው ሃንዳውቷ ትዝ አላት። ፊቷ ጋለ።

«መምህርት፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ ቢሩኬ። ለራሴም እየተናገርኩ ነው።»

ቤት ተመልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ፈተናውን ወድቄያለሁ። ያነበብኩት አይያዝልኝም፤ አፍሬ ነው እስከ ዛሬ የደበቅሁሽ።»

እናቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ለጎረቤት ያልኩትን እኔ አስተካክለዋለሁ» አሉ። «አንቺ ያን ወረቀትሽን አምጪው። እኔ ልያዘው፣ አንቺ ንገሪኝ።»

«በእንግሊዝኛ ነው እኮ፣ አይገባሽም።»

«እሱ ባይገባኝም፣ ስትንተባተቢ አውቃለሁ።»

ተንተባተበች። ሃንዳውቱን ገልጣ አየች፤ ዘጋችውና እንደገና ተናገረች። ከሁለት ቀን በኋላ ግማሹ ጠፍቶባት ነበር። ማዕዛ ጠየቀቻት፤ ደገመችው። ሳምንት አሳልፋ ስትሞክረው ቀስ እያለ መጣላት። ያልገባትንም እጇን አውጥታ አስተማሪዋን ጠየቀች። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ማርከሩን ትታ፣ ዓይኗን ጨፍና በሆዷ ትለዋለች።

«ይቺ ልጅ ጎበዝ አንባቢ ነበረች፤ አሁን እንቅልፍ ጀመረች» አሉ እኒያ እናት ለረዳቱ።

ዕፀገነት ፈገግ አለች። ዓይኗን ግን አልገለጠችም።

በመጨረሻው ፈተና ያው ጥያቄ መልኩን ለውጦ መጣ። ደሙ ከሳንባ ወደ ግራው የልብ ክፍል፣ ከዚያም ወደ መላው ሰውነት እንደሚሄድ ጻፈች። አንደኛ አልወጣችም። አለፈች ግን።

«እማዬ፣ አልፌያለሁ። የውጤቱን ወረቀት ላሳይሽ?»

«አያስፈልግም» አሉ እናቷ። «አልተንተባተብሽም።»

ልጆቼ፣ አላውቅም ማለት አያሳፍርም፤ መጽሐፉን ዘግታችሁ መናገር የቻላችሁት ነው በእውነት የእናንተ የሆነው።