በሳቂታ ስም የተመዘገበው ጣት

ሳቂታ ለምን ዝም አለች?

ጭራሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ተቸንክራ ቀርታለች። ዳይሬክተሯ ታብሌታቸውን ይዘው ከሰሌዳው ፊት ቆመዋል፤ ሳቂታ ከወንበሯ ተነስታለች።

«ካሜራው ያሳየን ጀርባ ብቻ ነው፤» አሉ ዳይሬክተሯ። «ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ጀርባ ደግሞ ግቢው ሙሉ ነው። ጣት ግን እንደ ሹራብ አይመሳሰልም። ትናንት በምሳ ሰዓት የላቦራቶሪውን በር የከፈተው ያንቺ አሻራ ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፑ ተከስክሶ ተገኘ። ምን ትያለሽ?»

በመምህር ቁጣ እንኳ የምትስቀው ሳቂታ ዞር ብላ ጭራሮን አየቻት። ፊቷን ሳይሆን እጇን።

«ምንም፤» አለች።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት አክስትሽን ይዘሽ ነይ።»

«አለቀላት!» ሲል አንዱ ከኋላ አንሾካሾከ። እውነቱን ነው። የሳቂታ አክስት ሱቅ አላቸው፤ «ትምህርቱ ካልሆነልሽ ባንኮኒው አለልሽ» የምትል ንግግር ከአፋቸው አትጠፋም። የቀራቸው ሰበብ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው የአሻራ ማሽኑ በተገጠመ ሰሞን ነው። በምዝገባው ዕለት የሳቂታ ሁለት እጆች በፈላ ውሃ ተቃጥለው በፋሻ ተጠቅልለው ነበር። ሰልፉ ረጅም፣ ቴክኒሻኑ ደግሞ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ። «ስም?» ሲል ሳቂታ ስሟን ተናገረች፤ ከኋላዋ የቆመችው ጭራሮ በሳቂታ ብብት ስር እጇን አሾልካ የራሷን የግራ ጠቋሚ ጣት የማሽኑ መስታወት ላይ አሳረፈች። ተራዋ ሲደርስ የራሷን በቀኝ እጇ አስመዘገበች።

«በቃ፣ ያላንቺ በር አይከፈትልኝም! ተጣብቀን ቀረን!» ብላ ሳቂታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ፋሻው ተፈታ። እንደገና መመዝገቡን ግን ዛሬ ነገ ሲሉ ተዉት። ደግሞስ ላቦራቶሪ ተለያይተው ገብተው ያውቃሉ?

ትናንት ጭራሮ ብቻዋን ነበረች። የረሳችውን ካልኩሌተር ልትወስድ ስትሄድ ቀኝ እጇ መጻሕፍት ታቅፎ ስለነበር ግራዋን ሰደደች። ማሽኑ በአረንጓዴ የሳቂታን ስም ጻፈ፤ ፈገግ ብላ ገባች። ስትመለስ ክርኗ ማይክሮስኮፑን መታው። መስታወቱ ሲሰበር ሰማች፤ ዞራ ሳታይ እግሬ አውጪኝ አለች።

ከትምህርት ሲወጡ ሳቂታን በር ላይ ደረሰችባት።

«ስሚኝ እስቲ፣ እኔ እኮ...»

«ተይኝ፣ ጭራሮ።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«አንቺ አፍ የለሽም?» አለችና ሳቂታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ ሄደች።

እቤት የጭራሮ አባት በረንዳው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አባዬ፣ ማሽን ይሳሳታል?»

«ማሽን ምን ዘመድ አለው ብለሽ ነው የሚያዳላው? የሚያበላሸው ሰው ነው እንጂ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። ሳቂታም ያለችው ይህንኑ ነበር። ሳቂታ ግን ሌላ ሰው ሸፍናበታለች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣች። «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። ይቅርታው ቀላል ነው። የከበዳት ሌላው ነው፤ እውነቱ ከወጣ ያ የምዝገባ ተንኮልም አብሮ ይወጣል፤ ሳቂታም ከቅጣት አታመልጥ ይሆናል። ዝም ያለችው ለዚህ ይሆን? ወይስ ጭራሮ እስክትናገር እየጠበቀች? በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከች፦

«ነገ አክስትሽ ሳይደርሱ ቢሮ ልገባ ነው። ማይክሮስኮፑን የሰበርኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። የምዝገባው ነገር ግን አንቺንም ይነካሻል። ልንገራቸው?»

መልእክቱ ተነበበ። ሳቂታ አልመለሰችም።

ጠዋትም ምንም አልነበረም። ጭራሮ ቁርሷን ሳትነካ ወጣች። ግቢው ገና ባዶ ነው፤ ዳይሬክተሯ ግን ገብተዋል፣ ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማል። የቢሯቸው በር ማሽን አልተገጠመለትም፤ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት በር ነው። ስልኳን አንዴ አየችው። ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

አንኳኳች።