መንገድ የማያሰማው መኪና

«አሁን ንኪያት» አለ አጎቷ አድማሴ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ያቺን፣ ከታች ያለችውን።»

ሉሊት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ወዲያው ፒስታው መንገድ ከሥሯ ብድግ ብሎ የመጣ መሰላት። ጠጠሩ ሁሉ በወንበሩ አልፎ ወገቧን ይደበድባት ጀመር። ጥርሷ ተንገጫገጨ። ቪዲዮ ልትቀርጽበት የያዘችው ስልክ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

አድማሴ ሳቀ። «ይህ ጠንካራው ሙድ ነው» አላት። «መንገዱ ያለበትን ጉድ ሁሉ ይነግርሻል። አስፋልት ላይ ለሚበር ሰው ጥሩ ነው፤ ለእኛ ፒስታ ግን አይሆንም። በይ መልሺው።»

መለሰችው። መንገዱ ጠፋ። ጉድጓዱ እዚያው እንዳለ በመስኮቱ እያየችው ነው፤ ሰውነቷ ግን ምንም አልነገራትም። መኪናው ጣና ላይ እንዳለ ታንኳ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ወረታ ሲገባ ድምፅ ስላልነበረው፣ አህያ የሚነዱ አንድ ሰውዬ ጥሩንባ እስኪነፋባቸው ድረስ ከኋላቸው መምጣቱን አላወቁም ነበር። አድማሴ ስለ መኪናው ማውራት አይሰለቸውም። ሌላው መኪና በብረት ሞላ ላይ ሲቀመጥ የእሱ ግን አየር በተሞላ ከረጢት ላይ እንደተቀመጠ፣ ከወለሉ ሥር የተዘረጋው ባትሪ ብቻ የጥማድ በሬ ያህል እንደሚከብድ፣ ያን ሁሉ ክብደት ግን ውስጥ ያለ ሰው እንደማያውቀው ከወረታ ጀምሮ ሲያስረዳት መጥቷል።

ሉሊት ይህን ቀርጻ ለጓደኛዋ ለሪሃና ልትልክላት ፈልጋለች። ስለዚህ ጠንካራውን አንዴ ደግማ ነካችው። ያኔ ነው ቱቦው ጋ የደረሱት።

ወደ አያቷ መንደር ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚያስገባው ይህ መንገድ በሩዝ ማሳዎች መካከል አፈር ተሞልቶ ከፍ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ውኃው ከወዲህ ወደዚያ እንዲያልፍ ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ከሥሩ ተቀብሯል። ሉሊት በባጃጅ ብዙ ጊዜ አልፋበታለች። እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ጓ ይላል፤ ታውቀዋለች። ዛሬም ጓ አለ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ተከተለ። መንገዱ እንደ ረጠበ ፍራሽ ዝቅ አለና ቆየት ብሎ ተመለሰ።

አድማሴ በራሱ ጣት ወደ ለስላሳው መለሰው። «ይበቃል፣ ወገቤን ጨረሽው።»

«ጋሼ፣ ተሰማዎት?»

«ምኑ?»

ወደ ኋላ ዞራ አየች። መንገዱ እንዳለ ነው፤ ርጥብ፣ ጸጥ ያለ። በስተቀኝ ያለው ውኃ ግን የሩዙን ጫፍ ብቻ አስቀርቶ ሁሉንም ውጦታል። በስተግራ ያለው ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። ለምን እንደሆነ ባይገባትም ይህ አላማራትም።

አያቷ አባባ ወልደ ሥላሴ ላም ሊያስሩ ወጥተው ጭቃ አንሸራቷቸው ከወደቁ ወዲህ ከመደብ አልተነሡም። ወጌሻው ዳሌያቸውን ዳሰሰና የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰዷቸው ብሎ እጁን ታጠበ። በባጃጅ ሊወስዷቸው ሞክረው ነበር። ከመንደሩ ሳይወጡ ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የጮኹት ጩኸት የሉሊትን እናት ሰገንን አስለቅሷት፣ መልሰው አስተኟቸው። አድማሴ ከአዲስ አበባ ድረስ መኪናውን ይዞ የመጣው ለዚህ ነው።

ሉሊትም የራሷ ጉዳይ ነበራት። አጎቷ ከመስከረም ጀምሮ ወስዶ አዲስ አበባ ሊያስተምራት እንዳሰበ ለእናቷ በስልክ ነግሯታል። ግን ቁርጥ አላደረገውም። መጥቼ ጠባይዋን ልየው ብሏል። ስለዚህ ሉሊት ትናንት ወረታ ላይ ከተቀበለችው ጀምሮ ጠባይዋ ሲታይ ነው የዋለችው፤ ቶሎ ትታዘዛለች፣ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ሲቀልድ ትስቃለች።

ጎረቤቶች አባባን በጋቢ ተሸክመው የኋላው ወንበር ላይ ሲያስተኟቸው አጎቷን ለብቻው ጠራችው። ቱቦው ላይ መንገዱ ዝቅ እንዳለ፣ ውኃውም በአንድ በኩል ብቻ እንደሞላ ነገረችው። አድማሴ በትዕግሥት ሰማት። ጠንካራው ሙድ ጠጠሩን ተራራ እንደሚያስመስል አስረዳት። እሱ ራሱ በዚያው ቅጽበት እዚያው መኪና ውስጥ እንደነበረና ምንም እንዳልተሰማው ነገራት። እናቷ ጫፉን ሰምታ ኖሮ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ዛሬ እንኳ አፍሽን ሰብስቢ፣ ልጄ» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር።

በምሥራቅ፣ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ፎገራ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ የሚመጣው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የሜዳው ሰው ይህን ያውቃል። አድማሴም እዚሁ ነው የተወለደው። ግን ሰማዩን ቀና ብሎ አላየም።

ሲነሡ ሉሊት ከፊት ተቀመጠች። እናቷ ከኋላ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። መኪናው ከግቢው ወጣ፤ የከብቱን መንገድ አቋረጠ፤ ያን አባባን ያስጮኸውን ጉድጓድ አለፈ። ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም። ሉሊት ዞር ብላ ብታይ አባባ ዓይናቸው ተከድኗል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ተኝተዋል።

«ከወደቀ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስደው የመጀመሪያው ነው» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «አድማሴ፣ እግዜር ይስጥህ።»

ዝናቡ ጀመረ። መስተዋቱን ሲመታው ይታያል እንጂ አይሰማም። ከመንገዱ ዳር የቆሙ ሰዎች እጃቸውን አነሡ። ከእነሱ አንዱ ጎረቤታቸው ደሴ ነው። ዱላውን ከፍ አድርጎ አፉን በሰፊው እየከፈተ ይናገራል። በዝጉ መስኮት ምንም አልገባም። አድማሴ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን አውለበለበና አለፈ። ሉሊት በጎን መስተዋቱ ስታያቸው ደሴ ከኋላቸው ትንሽ ሮጠ፤ ከዚያ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ። እየጠሩን ነው።»

«ሊሸኙን ነው። ዝናብ ላይ ቆሜ እስከ መቼ ስሰናበት ልዋል?»

ቱቦው ያለበት ቦታ ከሩቅ ታያት። ሩዙን የዋጠው ውኃ አሁን የመንገዱን ጫፍ ይልሳል።

«ጠንካራውን ያብሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ይሰማዎታል።»

«አባቴ ተኝቶ? አብደሻል?»

መስከረምን አሰበች። ስለ መኪናው ምንም እንደማታውቅ አሰበች። ምናልባት እውነቱን ነው፤ ጠጠር ነው ተራራ የመሰላት። ከኋላ የአባባ ትንፋሽ ይሰማል፣ ረጅም፣ ያረፈ። በመኪናው ውስጥ ያለው ድምፅ እሱ ብቻ ነው። መኪናው ምንም ሳይነቃነቅ ወደ ቱቦው ይንሸራተታል።

ጣቷን ዘርግታ ስክሪኑን ነካችው።

መንገዱ ከታች መጣ። ጎማው አንዱን ቦይ ሲረግጥ መኪናው ሁለመናው ጓ አለ፤ አባባም ጮኹ። እንደ ሰው አልነበረም ጩኸታቸው። አድማሴ ቱቦው ጋ ሳይደርስ ፍሬኑን ረገጠ። እናቷ ከኋላ እጇን ሰንዝራ ትከሻዋን መታቻት፤ ከዚያ እጇን ወደ አባቷ ግንባር መልሳ ታባብላቸው ጀመር። አድማሴ ግን አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ያን ጊዜ ስለ መስከረም የነበረው ነገር እንዳለቀ ገባት።

በሩን ከፍታ ወረደች።

ውጭው በድምፅ የተሞላ ነው። ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም አንድ ነገር። እየሮጠች ቱቦው ላይ ደረሰችና ውኃ ባልሞላበት በኩል ጎንበስ ብላ አየች። ውኃ የሚተፋው የቱቦው አፍ በጭራሮና በጭቃ ተደፍኗል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ውኃው ከቱቦው በታች፣ ከአፈሩ ራሱ ነው እየፈላ የሚወጣው። ቀለሙ የመንገዱ አፈር ቀለም ነው።

አድማሴ ተከትሏት መጣ። የሚያብረቀርቅ ጫማውን ጭቃው ላይ እየመረጠ ያስቀምጣል። አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ ሊል ዳሩን ሲረግጥ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ሉሊት ክንዱን ያዘችው። ሲያወጣው ጫማው እዚያው ቀረ።

ከዚያ እንደ መሳቅ አለና «ዳሩ ነው» አላት። «መሃሉ ደህና ነው። ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ። ግቢ።»

«አልገባም።»

«እንግዲያው በእግርሽ ነይ።»

በአንድ ጫማው እያነከሰ ተመለሰ፤ ገባ፤ በሩን ዘጋ። ሉሊት መንገዱ መሃል ላይ፣ በመኪናውና በቱቦው መካከል ቆመች። ምን እንደምታደርግ አስባ አይደለም። እግሯ ከዚያ ሌላ የሚሄድበት ስላጣ ነው። የፊት መብራቱ በራባት። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከጀርባው የአጎቷ ፊት ይታያል፣ ይጠፋል፣ ይታያል። መኪናው ተነሥቶ ይሁን አይሁን ልታውቅ አልቻለችም። ባጃጅ ቢሆን ትሰማው ነበር። ይህ ግን እላይዋ ላይ እስኪደርስ ድረስ ምንም አይልም።

ዓይኗን አልጨፈነችም። እጆቿን ጎኗ ላይ አጣብቃ ቆመች።

በር ተከፈተ። የእናቷ በር ነው። ሰገን ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች፤ ጭቃውን እየረገጠች መጥታ ከልጅዋ አጠገብ ቆመች። ወደ ልጅዋ አላየችም። መጥረጊያው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

አድማሴ የቀረችውን ጫማ አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ወደ መንደሩ ሄደ። ደሴና ሌሎች ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ደሴ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ሲጮኽ የነበረው ላሞቹ ጠዋት ቱቦው ላይ አንረግጥም ብለው ስለተመለሱበት እንደነበር ተናገረ። ቃሬዛውን ይዘው በመንገዱ ላይ አላለፉም። በማሳው ዳር ዳር፣ ውኃው ጉልበት በሚደርስበት በኩል ዞሩ። አባባ በየእርምጃው ያቃስታሉ። ሉሊት ዣንጥላ ይዛላቸው በጎን ትሄዳለች፤ እያንዳንዱን ማቃሰት ትሰማለች። ወዲያ ማዶ የወረታው የባጃጅ ነጂ አብዱልባሲጥ ተጠርቶ ይጠብቃቸው ነበር። ወደ አስፋልቱ እስኪወጡ ድረስ የነበረውን ማንም ኋላ ላይ ሊያነሣው አልፈለገም።

ባሕር ዳር ሆስፒታል አባባ ራጅ ተነሥተው፣ የሕመም ማስታገሻ ተወግተው አልጋ ሲይዙ ደሴ ከመንደር ደወለ። ሰገን አዳመጠች፤ «እሺ» አለች፤ ዘጋችው። ቱቦው ያለበት መንገድ ከነአፈሩ ሄዷል። መኪናው ከወዲያ ቀርቷል፤ ውኃው እስኪጎድል አይወጣም።

አድማሴ የሰው የላስቲክ ጫማ አድርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ቆይቶ ወደ ሉሊት ዞረ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አላወቅሁም ጋሼ። ፈርቼ ነው።»

አባባ ዓይናቸውን የገለጡት ያን ጊዜ ነው። ውኃ ጠየቁ። ሰገን በማንኪያ አጠጣቻቸው። ጣሪያውን እያዩ በደከመ ድምፅ ተናገሩ።

«ያ መኪና... ጥሩ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ኋላ ምን ነካው? እንዲያ ያንገጫገጨኝ ምንድን ነው?»

ሰገን አንገቷን ደፋች። አድማሴ ፈጠን ብሎ «መንገዱ ነው፣ አባ» አለ። ይህን ሲል ሉሊትን ያያት ነበር፤ ዓይኑም ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳ ነበር። ተይው የሚል ዓይን ነው። መስከረም እንደገና እዚያ ውስጥ ያለ መሰላት።

አባባ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ዓይናቸው ሊከደን ነው።

ሉሊት ከጥጉ በርጩማውን ሳበች። ወደ ራስጌያቸው አስጠግታ ተቀመጠችና ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ አለች።

«አባባ» አለች፣ «መንገዱ አይደለም። እኔ ነኝ።»