ከፊደሉ ሥር ያለችው ነጥብ

ወርቅአገኘሁ በደብረ ብርሃን፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የጋዜጣ ወኪል ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በ1967 ዓ.ም. ለታሪክ መምህርነት ወደዚያች ብርዳም ከተማ ስመደብ ጋዜጣ ገና ይጠበቅ ነበር። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በጫጫ በኩል ብቅ ሲል ጋቢ የደረበ ሁሉ ወደ እሱ በረንዳ ይጠጋል። ማንበብ የማይችሉት እንኳ ይገዙና የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ።

በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቀኝ።

«ሸዋወርቅ» አልኩት።

«እኔ ወርቅአገኘሁ እባላለሁ» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ጋዜጣዎቹ ዝቅ አድርጎ፣ «ስም የሚያወጡ ሰዎች አንዳንዴ የሚያውቁት ነገር አለ» አለ።

ከኋላዬ የቆሙ አዛውንት ሳቁ። «እባክህ ወርቁን ኋላ ታገኘዋለህ፤ ጋዜጣችንን ስጠን፣ በረደን!»

በሳምንቱ በገዛሁት ጋዜጣ ላይ፣ ከአንዳንድ ፊደሎች ሥር ጥቃቅን ነጥቦች አየሁ። የዝንብ ኩስ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅሁት። እርሳስ ነበር። ነጥብ ያለባቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ ስለቅማቸው፣ «እርስዎን ሳይ ወሬ ይጠፋኛል» የሚል ወጣ።

በማግስቱ ጋዜጣውን መለስኩለት። እኔም ነጥቦቼን አድርጌበት ነበር፦ «ወሬ ሻጭ ወሬ ከጠፋው ሱቁን ይዝጋ።»

እንዲህ ተጀመረ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንዲት መምህርት በረንዳ ላይ ቆማ ብታወራ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ትምህርት ቤት ይገባል። ጋዜጣ ስትገዛ ግን ማንም አይጠይቃትም።

በ1968 ቀበሌው በመናኸሪያው ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። ሬዲዮ ትናንት የተናገረውን ጋዜጣው ዛሬ ይዞ ሲመጣ ሰው «ይሄማ አርጅቷል» እያለ ያልፍ ጀመር። በረንዳው ላይ የሚጠጋው ሰው ሳሳ።

«ሬዲዮ ‹ምን አልክ?› ብትለው አይደግምልህም» ይል ነበር ወርቅአገኘሁ። «ጋዜጣ ግን ይጠብቅሃል።»

«እየጠበቀ ያለው እሱ ብቻ ነው» ብሎ መለሰለት ዓወል። ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ከጎኑ ስኳርና በርበሬ ይሸጣል። «የእኔ ደንበኞች ግን ወደውታል። ወላሂ፣ እንደ ጋዜጣህ በርበሬ የሚይዝ ወረቀት የለም።»

ወርቅአገኘሁ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን የተረፈውን ጋዜጣ ግማሹን ለዓወል መጠቅለያ ይሰጥ፣ ግማሹን አንኮበር ላሉት እናቱ ይወስድ ጀመር።

አንድ ቀን፣ «እስከ መቼ ነው በነጥብህ እርስዎ የምትለኝ?» አልኩት።

«አፌማ ከደፈረ ቆየ። የቸገረው እርሳሴ ነው። አንቺ ለማለት ‹ቺ› ያስፈልጋል። ይህ ጋዜጣ ደግሞ ሴት አያናግርም። ገጽ በገጽ ፈልጌ አጣሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት ስለ ቺሊ የሚያወራ ዜና ወጣ። «አንቺ» የሆንኩት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የቺሊን ዜና ስጠብቅ ኖርኩ። የሰው አገር መከራ እንደ ምሥራች መጠበቄ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ሻ» ግን ችግር አልነበረም። ሻምበልና ሻለቃ በየገጹ ሞልተዋል። «እወድሻለሁ» ሲለኝ «ሻ»ን የተዋሰው ከአንድ ሻለቃ ማዕረግ ላይ ነበር።

በ1969 ጥር ተጋባን። ድግሱ አንኮበር፣ እናቱ እማማ በሰለች ቤት ነበር። ከገደሉ ሥር የሚወጣውን ጉም ለመከላከል ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ሰው ሞልቶ ስለነበር ግድግዳውን ልብ ብዬ አላየሁትም።

በመጋቢት የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። ወርቅአገኘሁ ለሥራው አዲስ አበባ ሄዷል። ለፈታሽ የምስጢር መልእክት የሚመስለው የሁለት ዓመት ነጥባችን በሙሉ አልጋችን ሥር ታስሮ ተቀምጧል። ማቃጠል ፈራሁ፤ በዚያ ሳምንት ከየጓሮው የሚወጣ ጭስ ሁሉ ይጠየቅ ነበር። እስሩን ተሸክሜ ለዓወል ሰጠሁት።

«ለመጠቅለያ ይሆንሃል።»

«አላህ ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

ማንም አያነበውም ብዬ ነው። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጠፍቷል፤ ይህንን ባሌ ሲያዝንበት በየቀኑ እሰማ ነበር። በዚያ ተማመንኩ።

አንድ ሰው ግን አነበበ። የቀበሌው ካድሬ የገዛውን ስኳር ቤቱ ገልብጦ ወረቀቱን ዘረጋው። ከሻለቃው ማዕረግ ሥር ነጥብ አየ። የቀረውን ከዓወል ሱቅ አስለቀመ። የጋዜጣው ምንጭ ማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። ወርቅአገኘሁን በተመለሰ ማግስት፣ በረንዳው ላይ የጋዜጣ እስር ገመድ ሲፈታ ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ሄድኩ። ጋዜጣዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

«ከሻለቃ ሥር ነጥብ፤ ከሻምበል ሥር ነጥብ» አለኝ ካድሬው። «የሚገደሉ ሰዎች ምልክት ነው።»

«አይደለም። ‹ሻ› ፈልጎ ነው። እወድሻለሁ ለማለት።»

በር ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«‹ነገ አሥር ሰዓት መናኸሪያ› የሚለውስ?»

«ቀጠሮ ነው። የእኔና የእሱ።»

«ጓድ መምህርት፣ እሱ የሚለው ሌላ ነው። ‹ለእናቴ ነው፤ ፊደል የማስተምርበት ነው› ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ቃሉ አልወጣም። አንቺ ደግሞ የፍቅር ነው ትያለሽ። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።»

ስሜ እንዳይነሳ የፈጠረው ውሸት መሰለኝ፤ እውነቱን ተናግሬ ያፈረስኩበት መሰለኝ።

«ሂጂ» አለኝ። እኔን ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ወርቅአገኘሁን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት ተባለ። የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በሰኔ አንድ ምሽት ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፅ ማጉያው እርምጃ የተወሰደባቸውን ሰዎች ስም ይጠራል። አንደኛው የእሱ መሰለኝ። «ምን አለ?» ብዬ አጠገቤ የቆመችውን ሴት ጠየቅኋት። ቀና ብላ አላየችኝም። ማጉያው ወደ ሰልፍ ዘፈን አልፎ ነበር።

በማግስቱ እንደ ድሮው አውቶቡሱን ጠበቅሁ። ሾፌሩ የጋዜጣውን እስር በረንዳው ላይ ጣለው፤ የሚረከበው ሰው አልነበረም። ገመዱን ራሴ ፈታሁት። ሦስተኛ ገጽ፣ ከአሥራ አንድ ስሞች ስድስተኛው። ከስሙ አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም።

መታሰሩን እንኳ ላልሰሙት እናቱ የሚነግር ሌላ ሰው ስላልነበረ ወደ አንኮበር ሄድኩ። እርምጃ ለተወሰደበት ሰው ጥቁር መልበስ የተከለከለ ነበርና እማማ በሰለች ደጃፍ ላይ በነጭ ነጠላ ቆምኩ።

ብብቴ ውስጥ ያለውን አዩ። «ጋዜጣ ይዘሽልኝ መጣሽ? እሱ ላከሽ?»

እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

«ዳዊት መድገም አማረኝ ስለው፣ በስተርጅናዬ ፊደል ያስቆጥረኝ ጀመር። እንዳይጠፋኝ ነጥብ ያደርግልኛል፤ እለጥፈዋለሁ፤ ስገባ ስወጣ አነበዋለሁ። ነይ፣ እዪ።»

ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ከፊደሎቹ ሥር፣ በየመስመሩ፣ የማውቃቸው የእርሳስ ነጥቦች ነበሩ። እማማ በሰለች ጣታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሻገሩ አነበቡ።

«ሸ... ዋ... ወ... ር... ቅ። ‹ሙሽራዋ ሳትመጣ ስሟን ለይተሽ ጠብቂ› አለኝ። መጀመሪያ ያወቅሁት ቃል አንቺን ነው፣ ልጄ።»

ካድሬው ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ ብሎኝ ነበር። ሁለታችንም አልዋሸንም።

«በይ የዛሬውን ስጪኝ» አሉና ጋዜጣውን ከብብቴ ወሰዱት። ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ገለጡት፤ ሲፈልጉ ቆዩ። «ነጥቡ የታለ?»

ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከስድስተኛው ስም ሥር፣ ሰባት ነጥብ አደረግሁ።

እማማ በሰለች ጣታቸውን አስቀመጡ።

«ወ... ር... ቅ...» አሉና ፈገግ አሉ። ስሜ መስሏቸዋል። «አንቺው ነሽ እንዴ?»

ጣታቸው ወደሚቀጥለው ነጥብ ተሻገረ።

«አ...» አሉ። ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።