የዘፋኟ ጉንጭ

ግራዬ ስትፈራ ስትቸር የዐውደ ርዕዩን በር ሦስቴ አልፋው ሄደች፤ በአራተኛው ገባች። ሰባት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ነገር ዛሬ ካልተናገረችው መቼም አትናገረውም።

ሰዓሊው ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሥራውን ማሳየቱ ነው። ዘፋኞች፣ ተዋናዮችና ኳስ ተጫዋቾች ግድግዳውን ሞልተውታል። ፀጉራቸውና ልብሳቸው በጥንቱ የሞዛይክ ጥበብ፣ ጥፍር በምታክል ጠጠር የተሠራ ነው። ፊታቸው ግን ቀለም ብቻ ነው፤ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ።

«ፊቱንስ ለምን በጠጠር አልሠራኸውም?» አለው አንድ ጋዜጠኛ።

«መምህሬ ፊት አይሆንልህም ብለው አባረውኛላ!» ሰዓሊው ሳቀ። «እኔም ልኬን አውቄ ተቀመጥኩ።»

ሰዉ አብሮት ሳቀ። ግራዬ ግን አልሳቀችም። መምህሩ አባቷ ነበሩ።

ያኔ ሰዓሊው ሊማር የቀለም ቆርቆሮውን ታቅፎ አባቷ የሞዛይክ ሥራ ቤት ሲመጣ፣ ሠራተኞቹ «ቀለሜ» ብለው ስም አወጡለት። እሷ ግራኝ በመሆኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ግራዬ ናት። እሷ ጠጠር ትቆርጣለች፣ እሱ ይደረድራል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ እሷ በድንጋጤ ጣቷን በመዶሻ ትመታለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተመታ ጣት አልቀራትም።

የቤቱ ፈተና አንድ ነበር። ተማሪው የሠራው ሞዛይክ በሩ ላይ ይነጠፍና ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። አንድም ጠጠር ካልተነቀለ ተማሪው ባለሙያ ተባለ ማለት ነው። ቀለሜ የአንዲት ዝነኛ ዘፋኝ ፊት ሠራ። ፈተናውን ካለፈ በማግስቱ ግራዬን ከአባቷ ሊጠይቅ ተነጋግረዋል።

በፈተናው ዋዜማ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ግራዬ የዘፋኟን ጉንጭ ብትነካው የላላ መሰላት። አሥራ አንድ ጠጠር ነቅላ በአዲስ ማጣበቂያ መልሳ ተከለች። ለእሱም አልነገረችው፤ ሥራው ላይ እጇን ማስገባቷን ቢያውቅ እንደሚከፋው ታውቃለች።

በፈተናው ቀን አንድም ጠጠር አልተነቀለም። አባቷ ግን ጎንበስ ብለው ጉንጩን በመዳፋቸው ዳሰሱ። የልጃቸው የግራ እጅ ጠጠሩን ወዴት እንደሚያዘነብለው ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? በሰው ፊት እሷን ላለማዋረድ «ፊት አይሆንልህም፤ ሂድ» ብቻ አሉት። እሷን ለብቻዋ ጠርተው «በሌላ ሰው እጅ የሚፈተን ሰው ልጄን አይጠይቀኝም» አሏት።

«እሱ አያውቅም» ማለት ሁለት ቃል ነበር። ግራዬ የአባቷን ቁጣ ፈርታ ዝም አለች። ቀለሜም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከከተማው ወጣ።

አሁን ሰዉ ገለል ሲልለት ቀረበችው።

«ግራዬ!» አላት። ጣቶቿን አየና «ጣትሽ ዳነ?»

መሳቅ አቃታት። «ቀለሜ፣ ያንተ እጅ ምንም አልነበረበትም። ጉንጩን ነቅዬ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አባባም ያጭበረበርክ መስሏቸው ነው።» አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ቀለሜ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ሰባት ዓመት እኮ ፊት ለመሥራት ጠጠር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ።

«ይቅር በለኝ።»

«አባትሽ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። ይህን ሳያውቁ ነው ያረፉት?»

«ሊያርፉ ሲሉ ነገርኳቸው። አለቀሱ። ‹ሁለታችሁንም በድያለሁ፤ ሂጂና ንገሪው› አሉኝ።»

«ይሄ መቼ ነው?»

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

«ሦስት ዓመት! ታዲያ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«አፍሬ ነዋ። ትጠላኛለህ ብዬ ዛሬ ነገ ስል…»

ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሴት በእጇ ጠራችው፤ እንግዶቹ ሊሄዱ ነው። ግራዬ የሴትዮዋን ቀለበት አየች። ቀለሜ «መጣሁ» ብሎ መለሰላት፤ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ያገባሁት አምና ነው፣ ግራዬ» አላት ቀስ ብሎ። «እስከዚያ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ትመስዪኝ ነበር።»