ቁጥሩ እስኪስተካከል

ይህ የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ ሊድያ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ጎረቤቴ ናት፤ ዛሬም አርብ ከመጣ ከቤት አትወጣም።

በ1998 ዓ.ም ነው። ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ... በጠራራ ፀሐይ፣ አርብ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። ሙስሊሞቹ ሠራተኞች ለጁምዓ ወጥተው ግቢው ጭር ብሏል።

የሊድያ ሥራ ጨርቅ የሚዘፈዘፍበትን፣ ሥጋ የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ መቆጣጠር ነበር። አንዱ መለኪያ ፈሳሹ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሌላው ምን ያህል እንደከበደ ይነግራታል። ሶዳው ሲሳሳ የዚህኛው ቁጥር ይወርዳል፣ ሲበረታ ይወጣል። ሃያ ላይ መቆም አለበት።

ያን ቀን ሶዳው የሚሞላበት ታንከር ባዶ ነበር። የደጋን ከተማው ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዋ ሀፊዝ ሊያጥበው ገብቷል።

«ጁምዓ ያመልጥሃል» ብላው ነበር።

«እደርሳለሁ ወላሂ፤ አብሽሪ።»

ሀፊዝ ለሁሉም ነገር መልሱ «አብሽሪ» ነው፤ አይዞሽ እንደማለት። ሊድያ እንደ ወንድሟ ነበር የምትወደው።

ጥቂት ቆይቶ አለቃዋ ካሳዬ በዚያ በተወለወለ ጥቁር ጫማው እየተንጎራደደ ገባ። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ እኔ ግን አንቱ አልለውም።

«ፓምፑን ክፈቺ።»

«ሀፊዝ ወጥቷል?»

«ጁምዓ ሄዷል።»

«ጫማው... ታንከሩ መሰላል ሥር አለ እኮ፣ ጋሼ።»

«ለጫማ ብለን ሥራ እናቁም? ካቃተሽ ቦታሽን የሚፈልግ ሞልቷል።»

የታመመች እናቷ የምትኖረው በሷ ደመወዝ ነው። ፈራች... ከፈተችው።

ታንከሩ ሞላ፤ ፓምፑ ቆመ። የፍሰቱ ቁጥር ዜሮ መሆን ነበረበት።

ወደ አንድ ዘለለ... ተመልሶ ዜሮ።

ሁለት... ዜሮ።

ታንከሩ ውስጥ የሆነ ነገር ፈሳሹን እየገፋው ነበር።

ከዚያ ዜሮ ላይ ቀረ።

ቀስ እያለ ሌላኛው፣ የክብደቱ ቁጥር፣ ከሃያ መውረድ ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ... አሥራ ስምንት... ሶዳውን የሚያሳሳው የውሃ ቧንቧ ግን ዝግ ነው።

«ጋሼ... ሶዳው የሆነ ነገር እየበላ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ካሳዬ ቁጥሩን አየ። በመስኮቱ የሀፊዝን ጫማ አየ። ገብቶታል፣ ጨካኙ።

«ቁጥሩ እስኪስተካከል ሶዳ ጨምሪ» ብሏት ወደ ቢሮው ሄደ።

እያለቀሰች ጨመረች። ሃያ ላይ ቆመ።

ጁምዓ ሰግደው የሚመለሱት ሠራተኞች ድምፅ ከውጭ መሰማት ሲጀምር በሩ ተከፈተ።

ሀፊዝ ነው።

«ጌታ ሆይ ተመስገን... ሄደህ ነበር እንዴ?»

በባዶ እግሩ ነው። በረገጠበት ሁሉ የወለሉ ቀለም ይላጣል። አጠገቧ ደርሶ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለና ቁጥሩን አየ።

«አብሽሪ» አላት። «ተስተካክሏል።»

ዞር ስትል የለም። የተላጠው ዱካ ወደ ካሳዬ ቢሮ ይሄዳል... ከዚያ ወጥቶ ወደ ታንከሩ።

በመስኮቱ አየች። መሰላሉ ሥር፣ ከሀፊዝ ጫማ አጠገብ፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ተቀምጧል።

አሥራ ዘጠኝ... አሥራ ስምንት...

ሊድያ እንባዋን ጠርጋ ሶዳ ጨመረች።